የሌላ ሰው ፊት

የጎረቤቱን ዶሮ በነጠላው ሸፍኖ የገባ ሰው ሌባ ይባላል። መጥረጊያ ሳይጠይቅ የወሰደ እንኳን ቢያንስ ዓይን አውጣ ይባላል። የሰው ፎቶ ከስልክ ላይ አንስቶ፣ ከሥሩ «መልካም ቀን ይሁንላችሁ» ብሎ ጽፎ፣ ለሦስት መቶ ሰው የበተነ ግን ምን እንደሚባል ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር። እኔን «ተባረኪ» ነበር የሚሉኝ። አንዳንዶቹ ከምርቃቱ ጋር የአበባ ሥዕል ይልኩልኛል፤ አበባውንም ከየት እንዳነሱት እግዜር ይወቅ።

እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ዓይናችሁን አታፍጥጡብኝ። እስቲ ስልካችሁን ክፈቱና እዚያ ውስጥ ከታጨቀው ፎቶ ስንቱን ራሳችሁ እንዳነሳችሁት፣ ለስንቱስ ባለቤቱን እንደጠየቃችሁ ቁጠሩ። የማታውቁት ሕፃን ሲስቅ አለ፣ የማታውቋት ሙሽራ ስታለቅስ አለች፣ የማታውቁት በሽተኛ ቱቦ ተሰክቶበት ተጋድሞ አለ። ባለቤት ያለው አይመስለንም። ስልክ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ እንደ ዝናብ ውኃ ነው፤ ባልዲውን ቀድሞ ያወጣ ይቀዳል። በዚህ እምነት ደግሞ በከተማችን ከእኔ የበረታ አልነበረም።

ጉደር ላይ የሚሠራ ቶሌራ የሚባል ወጣት ፎቶ አንሺ አለ። ተመራቂ፣ ሙሽራ፣ ፏፏቴ፣ ክርስትና፣ የማያነሳው የለም። በየፎቶው ግርጌ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በነጭ ፊደል ይጽፋል። አንድ ጊዜ የፏፏቴውን ፎቶ ከገጹ ላይ ወስጄ፣ ስሙን ቆርጬ፣ የእድራችን የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት አድርጌ አወጣሁት። ከጉደር አምቦ ድረስ መጣ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«አዴ ብርቄ፣ ይህን ፎቶ ለማንሳት አራት ቀን ተመላልሻለሁ» አለኝ። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ወጣቱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ቢያንስ ስሜን ይተዉልኝ። የቅጂ መብት የሚባል ሕግ አለ እኮ።»

«ፏፏቴውን የፈጠርከው አንተ ነህ?» አልኩት።

ታላቁ ስለሆንኩ መልሱን ዋጠው። ይህቺን መልሴን ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ እየተናገርኩ ሳቅሁባት። ሰውም አብሮኝ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ አንዱ እንኳን «አራት ቀን ተመላልሶ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ራሴን ላስተዋውቃችሁ። አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ አርጅቼ፣ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ደብዳቤ ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጣቷ ፈጣን ነው ተብዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆንኩ። ድሮ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ጥሩምባ ነፊያችን ሲያርፉ የሚተካቸው ጠፋ። ያን ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ብድግ ብዬ «ቴሌግራም እያለ ጥሩምባ ምን ያደርጋል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ እድር ሞት የሚሰማው በእኔ ጣት ነው።

የሐዘን መግለጫ ማዘጋጀት ደግሞ ዝም ብሎ እንዳይመስላችሁ። ሻማ ያስፈልጋል። ርግብ ያስፈልጋል። የምትጠልቅ ፀሐይ ያስፈልጋል። ሁሉንም ከየሰው ገጽ ለቃቅሜ አስቀምጫቸዋለሁ። መሃል ላይ የሟቹ ፎቶ ይገባል፤ እሱንም ከራሱ ከሟቹ ፌስቡክ ላይ ነው የማነሳው። ሐዘን ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ሬሳው እንኳን ሳይወጣ፣ «እስቲ ፎቶ አምጣ» ማለት ነውር ነው። እኔ ደግሞ ነውር አልወድም።

አምና ከመስቀል በኋላ የኦቦ ፈይሳ ልጅ ሞተ። ኦቦ ደግሞ አቶ እንደማለት ነው፤ ኦቦ ፈይሳ የእድራችን የጥንት አባል ናቸው። ቤታቸውን ሸጠው ከተማው ዳር ካለው አዲስ መንደር ከገቡ ቆይተዋል፤ እድራቸውን ግን ከእኛ አልነቀሉም። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ከዚህ ሰፈር የወጣውን ሬሳ ሁሉ ትከሻቸው ያውቀዋል። የእኔንም ባል የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ደረጀ ይባላል። እናቱ እሱን ወልዳ በአራስነቷ ስለሞተች አክስቱ ወስዳ አዲስ ዓለም አሳደገችው፤ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ ሠላሳ ሳይሞላው እዚያው መኪና ገጨው።

ወሬውን እንደሰማሁ ሄድኩ። ኦቦ ፈይሳ ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሬሳው ገና በመንገድ ላይ ነው።

«ብርቄ፣ ልጄን እዚህ ሰው አያውቀውም» አሉኝ። «አላደገባትም። አብሮ አደግ የለውም። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብቻውን እንዳይገባ፣ አደራሽን አስነግሪልኝ።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ እኔ እያለሁልዎ!» አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ የደረጀን ፌስቡክ ፈለግሁ፤ አገኘሁት። ፕሮፋይሉ ላይ ጥቁር የምረቃ ካባ ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ፏፏቴ ፊት ለፊት የቆመ መልከ መልካም ልጅ አለ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ የምለው እውነቱን ለመናገር ነው፤ ለሐዘን መግለጫ የምረቃ ካባ የለበሰን ሟች የሚያህል የለም። ሰው ካባውን ሲያይ «ምኑንም ሳይበላው!» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ያጋራል። ከግርጌው የቶሌራ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል። በለቅሶ ላይ የፎቶ ቤት ማስታወቂያ! ይሉኝታ የለውም እንዴ ይሄ ልጅ አልኩና ቆረጥኩት። ሻማውን በግራ፣ ርግቧን በቀኝ አድርጌ፣ ከታች «ወጣት ደረጀ ፈይሳ» ብዬ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ጽፌ በእድሩ ግሩፕም በራሴ ፌስቡክም ለጠፍኩት።

በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ አራት መቶ ሰው አጋራው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩ ሲጨምር እያየሁ ከሰዓቴን ጨረስኩ። ለኦቦ ፈይሳ ስል ነው ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ራሴን አላምነውም።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቶሌራ ቆሟል። ከኋላው ሟቹ ቆሟል።

ካባ አልለበሰም፤ በካባው ፈንታ የጤና ባለሙያ ነጭ ጋዋን ለብሷል። ፊቱ ግን ያው ፊት ነው። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

«አዴ ብርቄ፣ ይሄ ገመቹ ነው» አለ ቶሌራ። «ጉደር ነው የሚሠራው። እንደሚያዩት አልሞተም። ሲመረቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ማነው የገደለኝ?» አለ ገመቹ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

«እኔ እኮ ከደረጀ ፕሮፋይል ላይ ነው ያነሳሁት» አልኩ። «የራሱ የደረጀ መስሎኝ...»

«ደረጀ? ደረጀ ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉና እዩኝ። ሞት እንዴት እንደሚነገር ለሌላው የማስተምር ሴት ነኝ። ሰው ይሰበሰባል፣ አንደበቱ የሚችል ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ባለ ሐዘኑ ይቀመጣል፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይደረጋል። መርዶ ማለት ይህ ነው። እኔ ግን የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ «ሞተ እኮ! ነገ ነው ቀብሩ» አልኩት። ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። የሚይዘው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ያስረዳኝ ቶሌራ ነው። የዛሬ ልጆች ጓደኛቸው ሲመረቅ ወይም ሲያገባ የራሳቸውን ፎቶ አውርደው የጓደኛቸውን ፎቶ ፕሮፋይላቸው ላይ ያደርጋሉ። እንኳን ደስ አለህ፣ ደስታህ ደስታዬ ነው ማለታቸው ነው። ደረጀም የጓደኛውን የገመቹን ፎቶ እንዲሁ አደረገ፤ ሳያወርደውም ቀረ። እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፕሮፋይሌ ላይ ያለው የራሴ ፊት ስለሆነ የሰውም ሁሉ እንደዚያ መሰለኝ።

ገመቹ ግን ለጓደኛው የሚያለቅስበት ጊዜ አላገኘም። «እናቴ» አለ ቀና ብሎ። «ወሬው እናቴ አገር ደርሷል። ከሰዓት ጀምሮ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። የአጎቴም ዝግ ነው።»

እናቱ አዴ ጫልቱ ከካቺሲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ከልጅም ያላቸው እሱን ብቻ ነው። ስልካቸው ለምን እንደተዘጋ ለማንኛችንም መንገር አላስፈለገም። መርዶ ሊነገረው የታሰበ ሰው ስልኩ ይወሰድበታል። ከሩቅ የሰማ ሰው ሳያውቅ ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» እንዳይለው ተብሎ ነው፤ ቤተ ዘመዱም የራሱን ስልክ ይዘጋል። ደግ ልማድ ነው። ለስንት ዘመን ስንቱን ሰው ከድንጋጤ አድኗል። ያን ዕለት ግን አንድ ሕያው ልጅ ለእናቱ «አለሁ» የሚልበትን መንገድ ሁሉ ዘጋበት። ዘመዶቹ ማታውን ሽማግሌ ሰብስበው፣ ማለዳ ሊነግሯቸው እየተሰናዱ ነው ማለት ነው።

«ከሥሩ እኮ የደረጀ ስም አለ» አልኩ፤ ለራሴ ጠበቃ መቆሜ ነበር።

ቶሌራ ስልኩን አወጣ። ካቺሲ ያለ መምህር ወደ ገመቹ የሥራ ባልደረባ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የላከውን ፎቶ አሳየኝ። እኔ የቶሌራን ስም ቆርጬ ነበር። ከእኔ የተቀበለው የደረጀን ስም ቆርጧል። ከእሱ የተቀበለው ደግሞ ሰዓቱንና ቦታውን። ካቺሲ የደረሰው ገመቹና ሻማው ብቻ ናቸው፤ ቶሌራም ወደ እኔ በር የመጣው ሻማዬን አውቆት ነው።

«ስሜ እዚያ ላይ ቢኖር» አለ ቶሌራ፣ «አንድ ሰው ይደውልልኝ ነበር። ይሄ ማነው ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርገው በተሻለኝ።

ያን ጊዜ የለጠፍኩትን ሁሉ አጠፋሁ። በእድሩ ግሩፕ ላይም «ውድ አባላት፣ ዛሬ የለጠፍኩት የሐዘን መግለጫ ስህተት ስላለበት አንስቼዋለሁ፤ ያጋራችሁም እባካችሁ አጥፉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛውን ጠዋት እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ስለሚባለው ነገር እኔ ምን አውቃለሁ!

ቶሌራ ለሠርግ የሚከራየውን መኪና ከባለቤቱ ለምኖ አመጣ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ካቺሲ ተነሳን። አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ ትሉኝ ይሆናል። ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት ልጅ በድንገት በር ላይ ቢቆም እናቱን ሊገድላት ይችላል፤ ሕይወትም እንደ ሞት በሰው አፍ ቀስ ተብሎ መነገር አለበት። ለዚህ ደግሞ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት አሮጊት ታስፈልጋለች። ኦሮምኛዬም እንደ አማርኛዬ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም።

«የደረጀ ቀብር ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ ገመቹ፣ ጊንጪን አልፈን ወደ ካቺሲው መንገድ እንደታጠፍን።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንደርሳለን» አለ። እኔ የአጎቱን ቁጥር መላልሼ ስደውል የስልኬ ባትሪ ጄልዱ ሳንደርስ አለቀ። የመኪናው ቻርጀር አይሠራም። መንገዱ እናንተ የምታውቁት ዓይነት ነው፤ ካላወቃችሁትም እድለኞች ናችሁ።

አራት ሰዓት ላይ ስንደርስ ከሩቁ የለቅሶ ድምፅ ሰማን። ነግረዋቸዋል። ገመቹ መኪናው ውስጥ ሆኖ የራሱን ለቅሶ ሰማ። ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ ልጅነቱን ሲያነሱ፣ ደግነቱን ሲቆጥሩ ሰማ። ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ቶሌራን አጠገቡ ትቼ ብቻዬን ወደ ግቢው ገባሁ።

አዴ ጫልቱ መሬት ላይ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸዋል። ፊታቸውን በጥፍራቸው ቧጥጠውት ደሙ ገና አልደረቀም። ሥራዬን አየሁት። እንግዲህ እኔ በስልክ ላይ ነበር የማውቀው ሥራዬን፣ አራት መቶ የሚል ቁጥር ሆኖ።

ፊታቸው ተንበረከክሁ። የአምቦ ሰው መሆኔን፣ ከልጃቸው ዘንድ መምጣቴን ነገርኳቸው። የመጣው ወሬ የተሳሳተ መሆኑን፣ ያሳሳትኩትም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጦ እንደነበር ነገርኳቸው። አላመኑኝም። አጎትየው መጥቶ ክንዴን ያዘና «አንቺ ሴት፣ በሰው ሐዘን አትቀልጂ» አለኝ። በመጨረሻ «መኪናው ውስጥ ነው» ብዬ ጮህኩ። ቀስ ብዬ የምነግረው ነገር እስከዚያ ድረስ ነው የዘለቀው።

ገመቹ ገባ። አዴ ጫልቱ አልሮጡም፣ አልጮሁም። እስኪጠጋቸው ጠብቀው ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ጆሮውን፣ አገጩን፣ አንገቱን። «ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ። ከዚያ አንድ ጊዜ በጥፊ መቱትና ደረታቸው ላይ አስደግፈውት አለቀሱ። ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ሲያለቅስና ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔም አለቀስኩ። ይቅር የተባልኩ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳንመርቃችሁ አትሄዱም አሉ። የተረፈ ሰው ሳይበላ አይሄድም ተባለ። ተመረቅን፣ በላን። ሰዓቱ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አዴ ጫልቱ ከልጃቸው ትከሻ ላይ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አሉኝ። ታዲያ የሞተው ማነው ማለታቸው ነው።

«ደረጀ የሚባል ነው፤ የገመቹ ጓደኛ» አልኳቸው።

«እናት አለችው?»

«የለችም። በአራስነቷ ነው የሞተችው።»

«አባትስ?»

«አባቱ አሉ።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመልስላቸው ነበር። ሦስታችንም ተነስተን ወጣን፤ ገመቹ እናቱን ለአጎቱ አስረክቦ፣ ማታ ተመልሶ እንደሚደውል ምሎ።

ቶሌራ እንደ እብድ ነዳ። መሃል መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰብን፤ ቀየርን። ጊንጪ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ነዳጅ እስኪቀዳ አንዲት ሱቅ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁ። ሲበራ መልእክቱ ይንጋጋ ጀመር። ሁሉም የእድራችን ሰዎች ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንኳን ስህተት ሆነ!» ይላል አንዱ። «ኦቦ ፈይሳ እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል ሌላው፣ ኦቦ ፈይሳ ቴሌግራም እንደሌላቸው ረስቶ። «እኔ ልወጣ ልብሴን ለብሼ ነበር፤ ብርቄ ባትነግሪን ኖሮ በከንቱ እንሄድ ነበር» ትላለች አንዷ ጎረቤቴ፣ ከሦስት የሚስቅ ፊት ጋር። ሥዕሉ ሁሉ የተጋጠሙ እጆች፣ አበባ፣ ርግብ ነው። ሰባ ሦስት ሰው አመስግኗል። ሌላው ደግሞ ሳያመሰግን ዝም ብሎ ቤቱ ቀርቷል።

ጠዋት እጽፈዋለሁ ያልኩትን አልጻፍኩም ነበር። ለቅሶው ስህተት ነው ብዬ አንስቻለሁ፤ ሟች አለ ብዬ አልመለስኩም። በሕይወት ላለው ልጅ ስሮጥ የሞተውን ረሳሁት። ምናልባት እናንተም ረስታችሁት ነበር፤ ይህን የምለው ጥፋቴን ላካፍላችሁ ፈልጌ እንዳልሆነ ልምልላችሁ ባልችልም።

ኦቦ ፈይሳ ግቢ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ድንኳኑ ትናንት ከሰዓት ነበር የተተከለው፣ እኔ ማስታወቂያውን ከማጥፋቴ በፊት። የእድሩ አግዳሚዎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ባዶአቸውን ቆመዋል። አንድ ጥግ ላይ አክስቱና ሦስት ሴቶች ኩርምት ብለዋል። ሬሳውን ከአዲስ ዓለም ይዘውት የመጡ አራት የሥራ ባልደረቦቹና የመኪናው ሾፌር ናቸው የተሸከሙት። አምስተኛው ሾፌሩ መሆኑ ነው። ስድስተኛ ሰው ጎድሎ ነበርና ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከልጃቸው ሬሳ ሥር ገቡ።

«ብርቄ፣ እንኳን መጣሽ» አሉኝ። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ቦታ ሞልቶ ሳለ። «እስቲ አንቺ ታውቂ እንደሆን። ማንን አስቀይሜ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው የማድረው እንግዲህ። ንገሪኝና ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ።»

ነገርኳቸው። ፎቶውን፣ ገመቹን፣ ካቺሲን፣ ሁሉንም። ገመቹ ሊሳለም ጎንበስ ሲል ቀና አድርገው ፊቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ነህ ጓደኛው?» አሉት። «ስላንተ ይነግረኝ ነበር። እንኳን ለእናትህ ተረፍክ።» ከአንጀታቸው ነው ያሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፎቶ አጥተሽ ነው?»

«ልጠይቅዎ ነውር መስሎኝ...»

ኮታቸውን ከፍተው ከውስጥ ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሳው። ደረጀን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አባቱን ነው የሚመስለው፤ ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ካባ አልለበሰም። «ትናንት ስትመጪ ይዤው ነበር» አሉኝ። «ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ፎቶ ባለቤት ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ልለጥፈው፣ ኦቦ ፈይሳ?»

አግዳሚዎቹን ዞር ብለው አዩ።

«አሁን ለማን ብለሽ?» አሉኝ።